መግዣው ተገኘ፤ ማኖሪያው ከወዴት ይምጣ?

ሰው አውቶሞቢል ሲገዛ ሁለት ጊዜ ይገዛል፤ መጀመሪያ ከሻጩ፥ ኋላም ከጋራዡ። የመጀመሪያው ግዥ የአንድ ቀን ነገር ነው፤ ደላላው ድርሻውን ይቀበላል፥ ሊብሬው ይዛወራል፥ ዘመድ ወዳጅም እንኳን ደስ ያለህ ይላል። ሁለተኛው ግዥ ግን መኪናው እስኪሸጥ ወይም ጨርሶ እስኪቆም ድረስ ፍጻሜ የለውም፤ ለእርሱም እንኳን ደስ ያለህ የሚል ሰው አይገኝም። በጭሮና በቀሩት የምዕራብ ሐረርጌ ከተሞች፥ በሒርናም፥ በበዴሳም፥ በገለምሶም፥ በሚኤሶም የሚታየው አንዱ ልማድ ይህን ሁለተኛውን ግዥ ከሒሳብ ያወጣ ነው። ጫቱ ዋጋ ባገኘበት ወይም ቡናው በተሸጠበት ወራት፥ ወይም ትልቁ ዕቁብ በወጣለት ማግሥት፥ ነጋዴው አዲስ አበባ ይሄዳል፤ ሲመለስም ሌላ ሰው ዐሥርና ዐሥራ አምስት ዓመት የነዳውን፥ ስሙ የከበረ፥ ገላው የሚያብለጨልጭ አውቶሞቢል ይዞ ይመለሳል። ላንድ ክሩዘር ቪ-ኤይት ይሆናል፤ ሬንጅ ሮቨር ይሆናል፤ ወይም መርሴዲስ ይሆናል። ለመግዣው በእጁ የነበረውን ሁሉ፥ አንዳንድ ጊዜም በእጁ ያልነበረውን ጭምር ሰጥቷል። ለማኖሪያው የተረፈው ግን ተስፋ ብቻ ነው።

የቀድሞ ሰው ይህን በበቅሎ ያውቀው ነበር። የመኳንንት በቅሎ ከነመረሻቷ መግዛት የሚችል ባለገንዘብ ብዙ ነበረ፤ ዳሩ ግን ገብስ የሚሰፍርላትና ባልደራስ የሚያቆምላት ካልሆነ በስተቀር ደፍሮ የሚገዛ አልነበረም፤ የከሳች የመኳንንት በቅሎ ከደኅና አህያ ይልቅ ጌታዋን እንደምታሳፍር ሁሉም ያውቃልና። አውቶሞቢል አጥንቱ ስለማይታይ ክሳቱ ለመንገደኛ አይገለጥም። ስለዚህ ባለቤቱ ለብዙ ጊዜ ራሱን ሊያታልል ይችላል።

አውቶሞቢል ወደ ኢትዮጵያ የገባበትም ታሪክ ለዚህ ነገር ምስክር ነው። በ1900 ዓ.ም. ቤንትሊ የተባለ እንግሊዛዊ ሲድሊ የሚባለውን አውቶሞቢል ከጅቡቲ ጠረፍ አስነሥቶ አዲስ አበባ አደረሰ፤ ከዚያም ብዙ ሳይቈይ ሆልዝ የተባለ ጀርመናዊ ሌላውን አመጣ። ዳግማዊ አፄ ምኒልክ ግን በአዲሱ ነገር በመደነቅ ብቻ አላበቁም፤ በኋላ ነጋድራስ የተባሉትን ተሰማ እሸቴን ወደ ጀርመን አገር ልከው የአውቶሞቢልን ሥራ እንዲማሩ አደረጉ። ተሰማ እሸቴ በዚያው አገር ሳሉ በሸክላ ያስቀረጹት ዘፈን ስማቸውን እጅግ ስላገነነው፥ የሄዱበት ዋናው ጉዳይ በብዙ ሰው ዘንድ ተረስቷል። ንጉሠ ነገሥቱ ገና አንድና ሁለት አውቶሞቢል በአገሩ ሳለ የሚያድነውን ሰው አስቀድመው ማሰባቸውን ዛሬ በየከተማው የሚገዛው ሰው ቢያስታውሰው መልካም ነበር። የሚጠግነው ከወዴት ይገኛል ብሎ የጠየቀው ንጉሥ ነው፤ የማይጠይቀው ባለሱቁ ነው።

ይህ መኪና ከወዴት እንደ መጣና ለምን እንደ ተሸጠም መመርመር ያስፈልጋል። በጃፓን አገር አዲስ የግል መኪና በሦስተኛው ዓመት፥ ከዚያም በየሁለቱ ዓመት የመንግሥት ምርመራ ማለፍ ግዴታው ነው፤ ምርመራውና ምርመራው የሚያስከትለው ጥገና ገንዘብ ስለሚጠይቅ፥ ብዙ ሰው መኪናው ደኅና ሳለ ሸጦ ሌላ ይገዛል። በጀርመን አገር የከበሩት መኪናዎች አብዛኛውን ጊዜ በኩባንያ ስም ለጥቂት ዓመት ተከራይተው ከተነዱ በኋላ ለገበያ ይወጣሉ። በዐረብ ባሕረ ሰላጤ ከተሞች ያለውም ባለጠጋ አዲሱ ሞዴል ሲመጣ አሮጌውን በቸልታ ይለቃል። እነዚህ ሻጮች ሞኞች አይደሉም፤ መኪናው ወጪ ሊጀምር ሲል የሚለዩት ዐዋቂዎች ናቸው። የከበረ መኪና የመጀመሪያው አምስትና ስድስት ዓመቱ የሙሽርነት ዘመኑ ነው፤ ከዚያ ወዲያ ጐማው፥ ላስቲኩ፥ ቧንቧው፥ የኤሌክትሪክ ሽቦው አንድ ላይ ያረጃሉ። ባለጠጋው የሸሸውን ወጪ፥ ከባለጠጋው እጅግ ያነሰ ገቢ ያለው ሰው ደስ ብሎት ይረከባል። ወደ ጭሮ የሚደርሰው ደግሞ የሁለተኛው ሳይሆን የአራተኛው ወይም የአምስተኛው ሰው እጅ ነው።

መንግሥትም በበኩሉ መንገዱን አጥብቧል። በ1012 ወይም በሩቅ ዘመን የሆነ ነገር አይደለም፤ በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይስ ታክስ አዋጅ ቍጥር 1186 በአሮጌ መኪና ላይ፥ ይልቁንም ሰባት ዓመት ባለፈውና ሞተሩ ትልቅ በሆነው ላይ፥ ከመኪናው ዋጋ ብዙ እጥፍ የሚሆን ግብር ጣለ። በጥር 2016 ዓ.ም. ደግሞ በኤሌክትሪክ ካልሆነ በቀር በነዳጅ የሚሄድ የቤት አውቶሞቢል ወደ አገር እንዳይገባ መከልከሉን የትራንስፖርትና ሎጂስቲክስ ሚኒስትሩ አስታወቁ። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ ለገበያ ሲለቀቅ፥ 57 ብር ገደማ የነበረው የአሜሪካ ዶላር በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። የነዳጁም ድጎማ ከሐምሌ 2014 ዓ.ም. ጀምሮ እየተነሣ ሄዶ፥ በጥር 2017 ዓ.ም. አንድ ሊትር ቤንዚን ከ100 ብር በላይ ሆነ። ደላሎች ከእነዚህ ነገሮች አንድ ነገር ብቻ ወስደው ይሰብካሉ፤ «ሌላ አይገባምና ያለው ይወደዳል፤ መኪና እንደ ወርቅ ነው፤ ገዝተህ አስቀምጥ» ይላሉ።

ወርቅ ዘይት አይጠጣም። ወርቅ በየዓመቱ ቦሎ አይለጠፍለትም፤ ኢንሹራንስም አይከፈልለትም፤ በሣጥን ውስጥ ዐሥር ዓመት ቢቀመጥ ጓርኒሲዮኑ አይደርቅም። አውቶሞቢል ግን ሲነዳም ያልቃል፥ ሲቆምም ይበሰብሳል። ዋጋው በብር ቢጨምር እንኳ፥ የጨመረው የብሩ መውደቅ ስለ ሆነ፥ መለዋወጫውም በዚያው ልክ ጨምሯል። ይልቁንም የደላላው ስብከት የሚሰውረው ዋና ነገር ይህ ነው፤ መኪናው ያረጃል እንጂ መለዋወጫው አያረጅም። አንድ ሰው ዐሥራ አምስት ዓመት ያገለገለ መርሴዲስ በቅናሽ አገኘሁ ቢል፥ የማርሹ ሣጥን ሲበላሽ የሚጠየቀው ዋጋ መኪናው አዲስ ሳለ በነበረው ማዕርግ ነው። የፋብሪካው ሰዎች ዕቃውን ሲሠሩ የመጨረሻውን ገዢ ኪስ አልመዘኑም። አዲሱን መግዛት ያልቻለ ሰው፥ አዲሱን መጠገን እንደሚችል አድርጎ ራሱን መቍጠሩ እንዴት ያለ ሒሳብ ነው?

የጥገናው ዝርዝር ቢመረመር ነገሩ ይበልጥ ይገለጣል። ቪ-ኤይት የተባለው ላንድ ክሩዘር በናፍታ የሚሠራ ሲሆን ስምንት ሲሊንደር አለው፤ ስለዚህ ኢንጀክተሩም ስምንት ነው። የዚህ ዓይነት ሞተር ናፍታውን ከ1,500 አትሞስፌር በላይ በሆነ ግፊት ይረጫል፤ የሚረጭበትም ቀዳዳ ስፋቱ የሚሊ ሜትር አንድ ዐሥረኛ ገደማ ነው። በማደያ ነዳጅ ሲጠፋ፥ በምዕራብ ሐረርጌም ይህ ብርቅ አይደለም፥ ከበርሜልና ከጀሪካን የሚቀዳው ናፍታ ውሃና አቧራ ይዞ ከገባ፥ ይህን የረቀቀ ዕቃ በአንድ ሳምንት ሊያጠፋው ይችላል። አይሱዙው ቢሆን ፊልትሮው ተለውጦ፥ ቧንቧው ተነፍቶ መንገዱን ይቀጥል ነበር። የሞተር ዘይቱም ለአንድ ጊዜ ለውጥ ከ9 ሊትር በላይ ይፈልጋል፤ ይህም ትንሹ ኮሮላ ከሚፈልገው እጥፍ ያልፋል። ዘይቱ የሚገባው ዓይነት ካልሆነ ቱርቦው ይቃጠላል፤ የቱርቦውም ዋጋ ሲነገር ባለቤቱ መጀመሪያ የሚያስበው መካኒኩ እንደ ሰረቀው ነው።

ሬንጅ ሮቨርና ከመርሴዲሶችም የላይኞቹ በባላስትራና በሞላ ፋንታ አየር በተሞላ የላስቲክ ከረጢት ላይ ይቀመጣሉ። ሲሄዱ በእውነት እንደ ምንጣፍ ናቸው። ዳሩ ግን ላስቲኩ ከጥቂት ዓመታት በኋላ ይሰነጠቃል፥ አየሩም በቀስታ ይወጣል፤ አየር የሚሞላውም መንፊያ ዕረፍት አጥቶ ሲሠራ ይቃጠላል። ከዚያ በኋላ መኪናው ማታ በክብር ቆሞ ያደረው፥ ጠዋት በአንድ ጐኑ ተንበርክኮ ይገኛል። በየሰፈሩ ያለው ብልኅ መካኒክ ይህን ያውቃል፤ ከረጢቱን አውጥቶ ከሌላ መኪና ያመጣውን ሞላ ይተክላል፤ ባለቤቱም ተመስገን ይላል። እንዲህ እየሆነ፥ ዛሬ ሞላው፥ ነገ ሽቦው፥ ከነገ ወዲያ ፓምፑ እየተለወጠ፥ በስሙ የተገዛው መኪና ስሙ ብቻ ይቀራል።

መካኒኮቹን መውቀስ አይገባም። የጭሮና የሒርና ጋራዦች ሌሊት የሚሄደውን የጫት መኪናና ቀኑን ሁሉ የሚጫነውን ሚኒባስ ያኖራሉ፤ ፍሪሲዮን አውርዶ መትከል፥ ቴስታታ ማንሣት፥ ባላስትራ ማሰር ለእነርሱ የዕለት ሥራ ነው። ነገር ግን በኮምፒዩተር የሚታዘዝ መኪና በመፍቻ ብቻ አይታከምም። የመኪናውን ምሥጢር የሚያነብ መሣሪያና በመሣሪያው የሚጠቀም ባለሙያ አብዛኛውን ጊዜ የሚፈለገው በአዲስ አበባ ወይም በድሬዳዋ ነው። አዲስ አበባ ከጭሮ ከ300 ኪሎ ሜትር በላይ ይርቃል፤ መኪናውን በሌላ መኪና አስጭኖ መላክ፥ ሾፌርና ዘመድ ማስከተል፥ ከመርካቶ ሶማሌ ተራ ያገለገለ ዕቃ ሲፈልጉ መሰንበት፥ ዕቃው አልገጥም ሲል ተመልሶ መከራከር፥ ይህ ሁሉ ከዕቃው ዋጋ በላይ የሆነ ወጪ ነው። በዚህ መካከል ሱቁ ይዘጋል፤ የዕቁቡ ዕጣ አስቀድሞ ወጥቶ ስለ ተበላ፥ ክፍያው ግን በየሳምንቱ ይጠበቃል። ቆሞ ላለ መኪና የሚከፈል ዕቁብ ከሁሉ የመረረ ነው።

ሻጮችም ይህን ስለሚያውቁ ሕመምተኛውን አስጊጠው ነው የሚያቀርቡት። የኪሎ ሜትር መቍጠሪያው ወደ ኋላ ይመለሳል፤ የሞተሩን ጩኸትና ጢስ የሚደብቅ ወፍራም ዘይት ይጨመራል፤ በዳሽቦርዱ ላይ የማስጠንቀቂያው መብራት እንዳይበራ አምፖሉ ይነቀላል። ገዢው ግን ቆዳውን ይዳስሳል፥ በሩን ከፍቶ ይዘጋል፥ የድምፁን ልስላሴ ያደንቃል። ከጭሮ የሚያምነውን መካኒክ የአንድ ቀን ዋጋና የመሳፈሪያ ከፍሎ ይዞ ቢሄድ ሚሊዮኖቹን ባዳነ ነበር፤ ይህን ወጪ ግን ለደላላው ድርሻ የማይሳሳው ሰው ይሳሳለታል። የጥገናውን መዝገብ የጠየቀ እንደ ሆነ እንኳ፥ «ይህን የመሰለ መኪና ምን ይጠገናል?» የሚል መልስ ይሰጠዋል፤ መልሱንም እንደ ምሥጋና ይቀበለዋል።

የዚህ ልማድ ጠበቆች ሁለት ማስረጃ ያቀርባሉ። አንደኛው ክብር ነው፤ ይኸውም በከተማ ውስጥ የሰው ቃል በመኪናው ይመዘናል፥ ቪ-ኤይት ያለው ነጋዴ ዱቤ ያገኛል፥ በሸንጎም በሰርግም የላይኛው ወንበር ይሰጠዋል የሚል ነው። ይህ እውነት የለበትም ማለት አይቻልም። ነገር ግን ዱቤ የሚሰጠው ነጋዴ መኪናውን ያየው ባለቤቱ ገንዘብ አለው ብሎ ነው፤ ገንዘቡ ሁሉ ወደ መኪናው እንደ ገባ ቢያውቅ አንድ ከረጢት ስኳር አይሰጠውም። እንዲህ ያለው ክብር ሌላው ሰው እስኪያውቅ ድረስ ብቻ የሚቈይ ነው፤ በትንሽ ከተማ ደግሞ የጋራዥ ወሬ ከጋብቻ ወሬ ቀድሞ ይደርሳል። ይህንንም የክብር መስፈሪያ ያስተማሩት ባለሥልጣኖች ናቸው። የመንግሥት ሰው በኮድ 4 ቪ-ኤይት ሲመጣ ነዳጁም፥ ዘይቱም፥ ጐማውም ከመንግሥት ካዝና ነው። ነጋዴው ያየው ወንበሩን ነው፤ ደረሰኙን አላየም። ከፋዩ ሌላ የሆነውን የሰው ኑሮ በራሱ ኪስ ሊኖር መነሣቱ፥ ሳይቸግር ጤፍ ብድር ከሚባለው ምን ይለያል?

ሁለተኛው ማስረጃ ከመጀመሪያው ይጠነክራል። «አሮጌ ሁሉ ደካማ አይደለም፤ የድሮ ላንድ ክሩዘር ሠላሳ ዓመት ሠርቶ አሁንም ተራራ ይወጣል» ይላሉ። ይህ ትክክል ነው። 4.2 ሊትር የሆነው፥ ቱርቦም ኮምፒዩተርም የሌለበት፥ ስድስት ሲሊንደር ናፍታ ሞተር ያለው ሃርድ ቶፕ በረሓውንም ደጋውንም የቻለ ነው፤ የታይሚንግ ቀበቶው በ100,000 ኪሎ ሜትር ገደማ ከተለወጠለት፥ ዘይቱና ፊልትሮው በጊዜው ከተሰጠው፥ የገለምሶ ልጅ በገለምሶ ጋራዥ ያድነዋል። ዳሩ ግን ያ መኪና የተሠራው ለሥራ ነው፤ ወንበሩ ደረቅ፥ ጩኸቱም ብዙ ነው፤ ቪ-ኤይት የሚፈልገውም ሰው እርሱን አይፈልግም። የአንዱን ጥንካሬ ለሌላው ምስክር አድርጎ ማቅረብ፥ አባቱ ጀግና ነበረና ልጁን ሳያዩ መሾም ነው። ሁለቱ በአንድ ስም ቢጠሩም፥ አንዱ በመፍቻ ሌላው በኮምፒዩተር የሚፈታ ነው።

ወጪው በባለቤቱ ላይ ብቻ ቢቀር ኖሮ ስለዚህ ነገር መጻፍም ባላስፈለገ፤ ገንዘቡ የራሱ ነውና። ነገር ግን ከኪስ የጐደለው ነገር በመንገድ ላይ ይወጣል። ወጪ የበዛበት ሰው መጀመሪያ የሚያዘገየው የማይታየውን ነው፤ ቀለሙን አያዘገይም፥ ላቫጆውን አያዘገይም፤ የፍሬን ሸራውን፥ የፍሬን ዘይቱንና ጐማውን ግን «ለሚቀጥለው ወር» ይላል። ላንድ ክሩዘር ቪ-ኤይት ሰው ሳይጫን ከሁለት ተኩል ቶን በላይ ይመዝናል። ጭሮ ከባሕር ወለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስትሆን፥ ሚኤሶ ከእርስዋ ከ400 ሜትር በላይ ዝቅ ብላ በቈላው ትገኛለች። በዚህ ቍልቍለት አንድ ሰው ማርሹን ቀንሶ በሞተሩ ኃይል መኪናውን ካልያዘ፥ እግሩን ከፍሬን ሳያነሣ ከወረደ፥ ሸራው ይግላል፤ አሮጌው የፍሬን ዘይት ይፈላል፤ ፔዳሉም እንደ ሰፍነግ ይሰምጣል። በዚያ መንገድ ደግሞ ግመል የሚነዳው፥ ጫት የተሸከመችው፥ ከትምህርት ቤት የሚመለሰው ልጅ ይሄዳሉ፤ ከእነዚህ አንዱም በመኪናው ግዥ አልተማከረም። ሕግ የሚያስገድደው የሦስተኛ ወገን ኢንሹራንስ አለ፤ የሚከፍለው ግን በሕግ የተወሰነ ገንዘብ ነው።

በየዓመቱ ታኅሣሥ 19 ቀንና ሐምሌ 19 ቀን የቍልቢ ገብርኤል ንግሥ ሲደርስ፥ ከአዲስ አበባም ከአዋሽም የሚመጣው የመኪና ሰልፍ በጭሮና በሒርና ያልፋል። የከተማውም ሰው ስእለቱን ሊያደርስ ይነሣል፤ ያን ዕለት የከበረው አሮጌ መኪና ለአምስት ሰው የተሠራው ዘጠኝ ይጭናል፤ አያት ከፊት፥ ሕፃናት ከኋላ፥ ጥላውና ሻማው በጭን ላይ። ባለቤቱ ለዘመዶቹ በሩን እየከፈተ ያስገባል፤ እነርሱም ሲገቡ ስለ ወንበሩ ልስላሴና ስለ መስተዋቱ ጥቁረት ያመሰግኑታል። ፍሬኑ መቼ እንደ ታየ የሚጠይቀው የለም፤ መኪናውም የሒርናን ጠመዝማዛ ይዞ ይሄዳል።